የተያዘ ወገብን በቤት ውስጥ ማፍታታት፦ ሙቀት፣ እጅ፣ እንቅስቃሴ

ወገቡን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እጁ የጠነከረ አሺ ይመስለዋል። «ደህና አድርገህ እሸኝ፣ አትራራልኝ» ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ወገብ ሲይዝ ዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች የተጎዳውን ቦታ ለመጠበቅ ይኮማተራሉ። በዚያ ላይ በኃይል የሚጫን እጅ ሲመጣ እንደ ሌላ ጉዳት ቆጥረውት ይብስ ይጠነክራሉ። የሚፈታቸው ሙቀትና ዝግ ያለ እጅ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ታሽቶ መተኛት ነው። ማሸት የሚሰጠው እፎይታ ለብዙ ሰው የሰዓታት ዕድሜ ነው ያለው። ማታ ታሽቶ ቀልሎት የተኛ ሰው ጠዋት ወገቡ እንደ ትናንቱ ሆኖ ይጠብቀዋል። እፎይታው ሳያልፍ ወገቡን በልኩ ያንቀሳቀሰ ግን በማግስቱ ከተሻለ ቦታ ይጀምራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ 20 ደቂቃ ሙቀት፣ 25 ደቂቃ ማሸት፣ 10 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ አጭር የእግር ጉዞ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እያለፉ ይሠራል።

ይህ አያቶቻችን ብቻ የሚሉት አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለአዲስ የወገብ ሕመም ከክኒን በፊት ሙቀትንና ማሸትን አስቀድሟል። አብዛኛው አዲስ የወገብ ሕመም ምን ቢደረግ ምን ባይደረግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። እዚህ ያለው ሥራ እነዚያን ሳምንታት ማቅለልና ሕመሙ ተመላልሶ እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

እጅ ከማሳረፍ በፊት

የሚከተለው ካለ ማሸቱ ይቅር፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፦ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ የመደንዘዝ ስሜት፤ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤ የእግር መዛል፣ ለምሳሌ ሲራመዱ የእግር ጣት መሬት እየላሰ መሄድ። እነዚህ ከወገብ በታች ያሉ ነርቮች እየታፈኑ መሆናቸውን ያመለክታሉ፤ ቀናት ካለፉ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ሳይታወቅ ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ የአከርካሪ ቲቢ መኖሩ መጣራት አለበት። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያዋልድ ሰው ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስም እንዲሁ ወገብ ላይ ይወጣል። በአገራችን ሁለቱም ብርቅ አይደሉም። «ብርድ ነው» ተብሎ ለወራት ሲታሽ የቆየ ወገብ በኋላ ቲቢ ሆኖ ሲገኝ አከርካሪው ሳይጎብጥ የመድረስ ዕድሉ ያልፋል።

ከሽንጥ ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ እየመጣ የሚሄድና አላስቀምጥ የሚል ውጋት የኩላሊት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ከቀላ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የወደቀ፣ መኪና የገጨው፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰደ፣ ወይም ካንሰር ታሞ የነበረ ሰውም ሳይመረመር አይታሽም፤ አጥንቱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ባት ብቻ አብጦና ሞቆ ከሆነ ያንን እግር ጨርሶ አይንኩት፤ ውስጡ የረጋ ደም ካለ ማሸት ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ነፍሰ ጡር በጎኗ ተኝታ በቀስታ ትታሻለች እንጂ በሆዷ አትተኛም።

ሙቀቱ

የሚሻለው የሙቅ ውሃ ከረጢት ነው። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ይሞላበትና ያቃጥለዋል፤ ላስቲኩም ቶሎ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ የፈላ ውሃ ግማሽ፣ ከቧንቧ ውሃ ግማሽ ቢቀላቀል 55 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል፤ የሚበቃውም ይኸው ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላና የቧንቧውም ውሃ ስለሚሞቅ የፈላውን ቀነስ ማድረግ ነው። ከረጢቱን ሁለት ሦስተኛ ይሙሉት፤ አፉን ሳይዘጉ አስተኝተው በእጅ ጫን በማድረግ አየሩን ያስወጡ፤ ይክደኑ፤ ገልብጠው ጠብ የሚል መኖሩን ይዩ። በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወገብ ላይ ማስቀመጥ ነው። ታማሚው ከላዩ አይተኛበት፤ ክብደቱ ሙቀቱን በአንድ ቦታ ያከማቸዋል፣ ላስቲኩም ሊፈነዳ ይችላል።

ከረጢት ከሌለ ግማሽ ኪሎ ያህል ሩዝ ወይም ደረቅ ጨው በንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውስጥ አድርጎ አፉን መቋጠር ይቻላል። ሩዙ በማይክሮዌቭ አንድ ደቂቃ ከግማሽ ይሞቃል። ጨው ከሆነ ደግሞ ወደ ካልሲው ከመግባቱ በፊት በመጥበሻ ላይ እየተማሰለ ይሞቃል። ጨው ሙቀት አጥብቆ ስለሚይዝ ላዩ የቀዘቀዘ መስሎ ውስጡ ያቃጥላል። ለብ ያለ መሆኑን ክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አስቀምጠው 10 ድረስ ይቁጠሩ፤ ሳይጨርሱ ማንሳት ካስፈለገዎት ገና ነው።

የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ ወይም ቆዳው የደነዘዘ ሰው የሙቀቱን ልክ ሌላ ሰው ይይለት። ቪክስ ወይም ሌላ ሜንቶል ያለበት ቅባት ከተቀቡ በላዩ ትኩስ ነገር አያስቀምጡ፤ ሜንቶሉ እያቀዘቀዘ ቃጠሎው ሳይሰማ ቆዳ ይላጣል። ከወደቁ ወይም ወለም ካላቸው 48 ሰዓት ያልሞላው፣ ያበጠ ቦታ ደግሞ ሙቀት ሳይሆን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ነው የሚፈልገው።

ፍልውሃ፣ ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት መሄድ የሚችል ሰው የሙቀቱን ድርሻ እዚያ ቢጨርስ ጥሩ ነው። 15 ደቂቃ ይበቃል። ግፊቱ ዝቅ የሚልበት ሰው ሲወጣ ራሱን ሊያዞረው ስለሚችል ቀስ ብሎ፣ እየተደገፈ ይውጣ።

ዘይቱ

ዘይቱ ሥራው እጅን ማንሸራተት ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ አይጠበቅበት። የሰሊጥ፣ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ወገብ ይበቃል። ለጋ ቅቤም ይሆናል፣ ግን ቶሎ ይረጋል፣ ልብሱም ላይ ይሸታል። ዘይቱን በስኒ አድርገው ስኒውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት። ቀዝቃዛ ዘይት ወገብ ላይ ሲንጠባጠብ ሰው እንዴት እንደሚሸመቅቅ ያየ ሰው ይህን አይረሳም፤ በ20 ደቂቃ ሙቀት የተፈታው ጡንቻ በአንድ ጠብታ ይመለሳል።

ዝንጅብል የሚወድ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል በስሱ ከትፎ ይጨምር። ውሃ የተጣደበት ድስት ላይ ሌላ ዕቃ ደርቦ በለዘብተኛ እሳት 20 ደቂቃ ያቆየውና ያጥልለው። ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ይቆያል። መጀመሪያ ክንድ ላይ ጠብታ ቀብተው እስከ ነገ ይጠብቁ፤ ቆዳው ከቀላ አይጠቀሙበት። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ቆዳ ላይ ሲታሰር ግን እሳት እንደነካው ያቆስላል። ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ዘይትም ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ የቦቱሊዝም መርዝ ሊያፈራ ስለሚችል ወጥ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የባሰ አደገኛ ነው።

አስተኛኘት

ስፕሪንግ አልጋ ላይ አይሠራም፤ እጅ ሲጫን ፍራሹ ይሰምጥና ወገቡ ይቀለበሳል። ወለል ላይ ስስ ስፖንጅ ፍራሽ ወይም ሁለት ብርድ ልብስ ያንጥፉ። የሚታሸው ሰው በሆዱ ይተኛ፤ ከእምብርቱ በታች ስስ ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የተጠቀለለ ጋቢ። ሆድ ስር ያለው ትራስ ቁልፉ ነው፤ እሱ ከሌለ ወገቡ ወደ ውስጥ ጎብጦ ይቀራል። ግንባሩን በተደራረቡ እጆቹ ላይ ያሳርፍ። በሆድ መተኛት የሚያመው በማያመው ጎኑ ይተኛ፣ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ያድርግ።

የሚያሸው ሰው ጥፍሩን ይቁረጥ፣ ቀለበትና ሰዓቱን ያውልቅ፣ ከዳሌው ጎን ይንበርከክ። ጎንበስ ብሎ ቆሞ የሚያሽ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛ በሽተኛ ይሆናል።

እጁ

1. ሁለቱን መዳፍ በዘይት አርሰው ወገቡ ላይ ያሳርፉና ግማሽ ደቂቃ አይንቀሳቀሱ። ትንፋሹ ሲረጋጋ ከእጅዎ ስር ይሰማዎታል። ያኔ ይጀምሩ።

2. ከዳሌ አጥንት ጀምረው፣ መዳፎቹን በአከርካሪው ግራና ቀኝ አድርገው እስከ ጎድኖቹ መሀል ይውጡ፤ በጎን በኩል በቀስታ ይመለሱ። አንዱ ዙር 6 ሰከንድ ያህል ይፍጅ። 3 ደቂቃ። ክብደቱ ሲወጡ ነው፣ ሲመለሱ እጅዎ መዳሰስ ብቻ።

3. አሁን ወገቡን ይተዉትና ወደ መቀመጫ ይውረዱ። ብዙ አሺ የሚዘለው ይህ ነው፤ ግን ከዳሌ አጥንቱ ጠርዝ ስር፣ ከጎን በኩል ያሉት ጡንቻዎች ሲጠጥሩ ሕመማቸው ወገብ ላይ ነው የሚሰማው። የመዳፍዎን ተረከዝ ከጠርዙ ሦስት ጣት ዝቅ አድርገው በዝግታ ያዙሩ። በእያንዳንዱ ጎን 4 ደቂቃ። በዚህ ቦታ ሰውየው «እሱ ነው! እሱ ነው!» ካለ አያፍጥኑ።

4. ወደ ወገብ ይመለሱ። ከአከርካሪው ጉብታዎች በግራም በቀኝም ሁለት ጣት ፈቀቅ ብሎ እንደ ገመድ የሚሄድ ጡንቻ አለ። አውራ ጣቶችዎን በአከርካሪው በኩል ባለው ጠርዙ ላይ ያድርጉና ገመዱን ወደ ውጭ፣ ከአከርካሪው እያራቁ ይግፉት። አንድ ጣት ያህል እየወጡ እስከ ጎድን ይቀጥሉ። አጥንቱን ራሱን መጫን በፍጹም የለም።

5. የሚያም ቋጠሮ ሲያገኙ ይቁሙ። ከ10 ስንት እንደሚያመው ይጠይቁት። ከ4 እስከ 5 ልክ ነው፤ ትንፋሽ የሚያስይዝ ከሆነ አልፏል። ሳይጠመዝዙ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ጫን ብለው ይቆዩ፣ እንደገና ይጠይቁት። 5 የነበረው 2 ወይም 3 ከሆነ ይልቀቁና ይለፉ። ካልቀነሰ ነገ ይሞከራል። ሕመሙ ወደ እግር እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረ ወዲያው ይልቀቁ፤ ያ ቋጠሮ አይደለም፣ ነርቭ ነው።

6. ሽንጡን፣ ከመጨረሻው ጎድን እስከ ዳሌ አጥንት ያለውን ክፍት ቦታ፣ በመዳፍ ብቻ ይዳስሱ። እዚያ ኩላሊት አለ፤ ክርን ወይም አውራ ጣት አያስገቡበት።

7. በቁጥር 2 ባለው፣ ከዳሌ እስከ ጎድን በሚሄደው ረጅም እጅ 2 ደቂቃ ይጨርሱ። ዘይቱን በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ ይጥረጉ። ሰውየው ወደ ጎኑ ይገልበጥ፣ እግሩን አጥፎ በእጁ እየገፋ ይነሳ።

አውራ ጣትዎ ካመመዎት አንጓውን አጥፈው እየሠሩ ነው ማለት ነው። ጣቱን ከክንድዎ ጋር ቀጥ አድርገው በሰውነትዎ ክብደት ይጫኑ፣ በጣት ጡንቻ አይደለም።

ለብቻው ለሆነ

ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ማታ ወገቧን የሚያሽላት የላትም። የካልሲ ኳስ ትሥራ፦ ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ልጆች ለኳስ እንደሚሠሩት እስኪጠነክር ትቋጥረው። መጠኑ እንደ ብርቱካን። የቴኒስ ኳስም ይሆናል። ግድግዳ ተደግፋ ኳሷን በመቀመጫዋ ጎንና በግድግዳው መካከል ታድርግ፣ ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ፣ የሚያመው ቦታ ላይ 30 ሰከንድ ትቁም። ከዚያ ወደ ወገብ፣ ሁልጊዜ ከአከርካሪው ጎን። ወለል ላይ ተኝቶ መሥራት ይቻላል፣ ግን የሰውነት ክብደት በሙሉ ስለሚያርፍበት ለጀማሪ ይበዛል።

እንቅስቃሴው

ወዲያው፣ ሰውነት ሳይቀዘቅዝ፦

በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ 20 ሰከንድ፣ በየእግሩ 3 ጊዜ። ከዚያ ጉልበት አጥፎ፣ ወገቡን ወለሉ ላይ ጠፍጠፍ አድርጎ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥና ማስረግ፣ በዝግታ 8 ጊዜ። እንደገና በጀርባ፣ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፣ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 8 ጊዜ። ይህኛው ሲሠራ ቋንጃ ከጨበጠ ተረከዙን ወደ መቀመጫ ያቅርቡ።

ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ሲቀል፣ ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን በአንድ ጊዜ ዘርግቶ 5 ሰከንድ መያዝ ይጨመራል፤ በየጎኑ 6። እግር ከወገብ በላይ ከፍ አይበል።

ሲቀመጥና ሲጎነበስ የሚብስበት ሰው አንድ ተጨማሪ አለው፦ በሆድ ተኝቶ በክርን መደገፍ፣ ለ1 ደቂቃ፣ 3 ጊዜ። እዚህ ላይ የሚታየው ሕመሙ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ባት ላይ የነበረው ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገቡ ላይ ትንሽ ቢጨምር እንኳ መልካም ምልክት ነው፤ ይቀጥሉ። ወደ እግር ከወረደ ያቁሙ።

በመጨረሻ 10 ደቂቃ በሜዳ ላይ መራመድ። በቀን 3 ጊዜ ቢሆን የተሻለ። አልጋ ላይ መዋል ከአንድ ሁለት ቀን ካለፈ ወገብን ያደክማል።

ሲበላሽ

በማግስቱ ስፖርት እንደሠራ ሰው ቢዝል የተለመደ ነው፤ በአንድ ቀን ተኩል ይጠፋል። ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ቆዳው ከበለዘ እጁ ከብዶ ነበር፤ በሚቀጥለው ግማሹን ይቀንሱ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በትንሹም ይበልዛል፤ ለእሱ ረጅሙ እጅ ብቻ። ይህ ሰው ዝንጅብልና እርድ በብዛት ከመጠጣቱም በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ልጅ ጀርባ ላይ ማስረገጥ የየቤቱ ልማድ ነው። መቀመጫና ጭን ላይ የሦስት ዓመት ልጅ ብዙ አይጎዳም። አከርካሪና ጎድን ላይ ግን አይርገጥ፤ አጥንታቸው የሳሳ እናት ላይ ጨርሶ አይሆንም። አንገትንና ወገብን በድንገት ጠምዝዞ ማስጮህም እንዲሁ፤ ድምፁ መዳንን አያሳይም። ወጌሻ ዘንድ መሄድ ያለ ነው፤ ነገር ግን ስብራት ከተጠረጠረ ራጅ ይቅደም፣ የታሰረው እግር ወይም እጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው በዚያች ሰዓት ይፈታ። ዋግምት የሚያስደርግ ሰው ምላጩ አዲስ ሆኖ፣ ከፊቱ ሲከፈት ይይ፤ ቀንዱም ከሰው ሰው የሚዞር ከሆነ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ አብሮ ይዞራል።

ወገብን በመቀነት ጠፍንጎ መዋልም አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2016 (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023) ስለ ቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶን በዘወትር ሕክምና እንዳይታዘዝ ካላቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል፤ እንቅስቃሴና ማሸትን ግን ከሚጠቅሙት ጎን አስቀምጧል።

የቀኑ ሥራ

ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ ወገብን ክፉኛ ያስጨንቃል፤ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ደግሞ ሆድ ያደርቃል። የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ ጠዋትና ማታ። ውሃው ካነሰ ተልባው ራሱ ይደርቅና ይብሳል።

20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ሲያዝ ወገብ በሌላው ጎን ይጎተታል። በሁለት 10 ሊትር ይከፈል። የልብስ ሳፋው ሁለት ብሎኬት ላይ ይቀመጥ። ቡና ሲፈላ ሦስቱንም ስኒ በርጩማ ላይ ከመጨረስ አቦል ላይ ተቀምጦ ቶና ላይ መነሳት ይሻላል። ሲተኙ በጎን ከሆነ በጉልበቶች መካከል፣ በጀርባ ከሆነ ከጉልበት ስር ትራስ።

የሚሰግድ ሰው ከወገቡ አይታጠፍ። መጀመሪያ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ግንባር፤ ሲነሳም በተቃራኒው፣ እጁን ጭኑ ላይ አስደግፎ። ሕመሙ ትኩስ በሆነበት ሳምንት ቁጥሩን መቀነስ ወይም ቆሞ ራስን ዝቅ ማድረግን የንስሐ አባት አይከለክሉም፤ በእስልምናም የታመመ ሰው ተቀምጦ ይሰግዳል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያው በአንድ ብብት ስር ብቻ አይቆይ፤ በየአሥር ደቂቃው ጎን ይቀይር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በሁለት ሳምንት ምንም ካልቀለለ፣ ወይም ስድስት ሳምንት ከሞላው፣ ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል መሄድ ነው። ሲሄዱ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያብሰውና ሕመሙ እስከ የት እንደሚወርድ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ባለሙያው ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።